እህቴ ዘጋችው

ለተሃይማኖት ዕድሜዋን ሙሉ የዘፈነችው ለሚጨፍር ሰው ነው። ከሑመራ ተሻግራ ሱዳን፣ ገዳሪፍ የገባችው ገና በልጃገረድነቷ ነበር። ያን ጊዜ ከጎንደር በኩልም ከትግራይ በኩልም ለሰሊጥ አጨዳ የሚጎርፈው የቀን ሠራተኛ፣ ሐሙስ ሲመሽ ላቡን ታጥቦ የሚሰበሰበው እሷ ከምትዘፍንበት፣ ራኩባ ከሚሉት የሣር ዳስ ሥር ነው። ጓደኛዋ ጣሃ ባለአውታሩን ዑድ ታቅፎ ከጎኗ ይቀመጣል፤ ከበሮ መቺው ከኋላ ይሆናል፤ እሷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ «የሰሊጡ ለት»ን ስታነሣ ጣሪያው ሳይቀር አቧራውን ያራግፋል። ያ ዘፈን ከካሴት ወደ ካሴት እየተቀዳ ከመተማ እስከ ከሰላ፣ ከባሱንዳ እስከ ሀዋታ ያልገባበት ቤት የለም። ዛሬም ሰርግ ላይ ብቅ ስትል ሙሽራው ጭምር «የሰሊጡ ለት!» እያለ ይጮኻል።

ስድሳን ካለፈች በኋላ ግን ነገሯ ተለወጠ። ካርቱም ጦርነት የገባ ጊዜ አንድ የድምፅ ባለሙያ ማይክራፎኑንና ኮምፒዩተሩን ብቻ ይዞ ተፈናቅሎ መጣና ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ከጣሃ ቅመም ቤት አጠገብ ክፍል ተከራየ። ጣሃ የመተማ ሰው ነው፤ ከለተሃይማኖት ጋር ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲጫወት የኖረ፣ አሁን ቅመም እየነገደ ልጆቹን የሚያሳድግ።

«ለተ፣ ይኼ ሰው ከአምላክ የተላከ ነው» አላት። «የድሮዎቹን እንደገና እንቅረጻቸው። ካሴቱ እኮ አልቋል፣ ተበልቷል።»

«የድሮዎቹን ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል» አለችው። «እኔ ለራሴ ስል የማንጎራጉራቸው አሉ። ለማንም አሰምቻቸው አላውቅም። እነሱን ከሆነ እሺ።»

በጣሃ መጋዘን ውስጥ፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ በሰሊጥ ጆንያ ተከበው ቀረጹት። ከበሮ የለ፣ እልልታ የለ፤ የጣሃ ዑድና የእሷ ድምፅ ብቻ። ስሙንም «የማጀት ዜማ» አለችው። አንዱ ዘፈን ሠርቶ ልመለስ ብሎ ወደ ሊቢያ ሄዶ ስለቀረ ባሏ ነው፤ አንዱ ዝናም ሊመጣ ሲል ስለሚያማት ጉልበቷ፤ አንዱ የሰው ሙሽራ ስታጅብ ኖራ የራሷን ሰርግ ስላላየች ሴት። «መዝጊያ» የሚለው ደግሞ ከአባቷ ቤት ስለወጣችበት ሌሊት ነው። በርሱ ውስጥ እንዲህ የሚል ስንኝ አለ፤

ሌቱ ሳይነጋጋ ጓዜን አንጠልጥዬ፣
እህቴ ዘጋችው በሩን ከኋላዬ።

አልበሙ በክረምቱ መግቢያ በኢንተርኔት ተለቀቀ። መጀመሪያ የደረሳት አስተያየት የአንድ ራክሻ፣ የባጃጅ ማለት ነው፣ ነጂ ነው። ልጁ ሱዳን ተወልዶ ያደገ ሐበሻ ሲሆን፣ አሳፍሯት እየሄደ ግማሹን በዐረብኛ ግማሹን በአማርኛ «ያ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ከበሮው የት ሄደ? ወላሂ ስሰማው እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ሰው እገጫለሁ» አላት። ሳቀች። ሳተላይት ኢንተርኔት ያለበት ሻይ ቤት የሚሰበሰቡት ሽማግሌዎች ግን ሌላ ናቸው። እነሱ የሰሊጥ አጨዳውን ዘመን የሚያውቁ፣ በየራኩባው ሲጨፍሩ ያረጁ ናቸው። የጉልበቷን ዘፈን ከፍተው አዳመጡና አንዱ ጉልበቱን በእጁ እየዳሰሰ፣ «ይቺ ልጅ እኛን ነው እንዴ የዘፈነችው?» አለ። ከዚያ ወሬው ሁሉ ወደ ድሮው ዞረ። ማን ከማን ጋር ይጨፍር እንደነበር፣ ማን በእሷ ምክንያት እንደተደባደበ፣ የሞቱት፣ ወደ ሀገር የተመለሱት፣ የደረሱበት ያልታወቀው። ለተሃይማኖት ሻይዋ ቀዝቅዞ እስኪቀር ስታዳምጣቸው ዋለች።

ከሩቅ የመጣው ትችት እንዲህ ለስላሳ አልነበረም። አንዱ «ድምፅዋ አልቋል፣ በክብር ብታርፍ ይሻል ነበር» ብሎ ጻፈ። አንዱ «ያ ሁሉ ጦርነት አልፎ ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል የላትም» አለ። ሌላው ትግርኛ ተናጋሪ ሆና በአማርኛ በመዝፈኗ ተቆጣ፤ ሌላው ደግሞ ስሟን አይቶ ሳይሰማ ተቆጣ። ጣሃ እያንዳንዱን እያነበበ ይንጨረጨራል። እሷ «ተወው፣ እኔን አይደለም የሚሰድቡት» ትለዋለች፤ ግን እቤቷ ስትገባ ልቧን ይከብዳታል።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግን ጣሃ ስልኩን እያውለበለበ መጣ። አዲስ አበባ ውስጥ በሬዲዮ ሙዚቃ የሚሄስ፣ በቀላሉ የማያመሰግን፣ ሰው የሚፈራው አንድ ሐያሲ አለ። እሱ ስለ «የማጀት ዜማ» አንድ ሙሉ ዝግጅት ሠርቶ ነበር። ሁለቱ ከቅመም ጆንያዎቹ መሀል ተቀምጠው አዳመጡት።

«ይቺ ሴት» ይላል ሐያሲው በዝግታ፣ «አርባ ዓመት ስታስጨፍረን ኖራ አሁን አስቀመጠችን። ቁጭ ብለን እንድናዳምጣት አደረገችን። በተለይ ያቺ ስንኝ፣ ‹እህቴ ዘጋችው በሩን ከኋላዬ›… እዚህ ላይ አታለቅስም፣ አትወቅስም። በሩ ተዘጋ፣ አለቀ። ያቺ እህት ደግሞ አንዲት ሴት ብቻ አይደለችም። ልጆቿን አስወጥታ በር የምትዘጋ ሀገር ናት። እኔ በዚህ ቋንቋ ከሰማኋቸው ስንኞች አንዷ ይቺ ናት።»

ጣሃ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ሰማሽ? ያ ለተ፣ ሰማሽ ምን እንደሚል?»

ሰምታለች። ደስ አላት፤ እንዴት ደስ አይላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ስንኝ ክንፍ አወጣች። የስልክ ጥሪ ሆነች፤ የራክሻ ነጂው ሳይቀር እንቅልፉን ረስቶ «እህቴ ዘጋችው» እያለ ማንጎራጎር ጀመረ።

እህት የተባለችው መብርሂት ናት፤ የለተሃይማኖት ታናሽ። ጦርነቱ በትግራይ ሲነሣ ከነልጇ ወንዙን ተሻግራ ኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ ከገባች አራት ክረምት አልፏል። ለተሃይማኖት በየጊዜው ስኳርና ሳሙና፣ አንዳንዴም ጨርቅ ይዛ ትሄዳለች፤ ትጠያየቃለች፣ ትመለሳለች። ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም። ያን ሌሊት ግን አንድም ቀን አንሥተውት አያውቁም።

ሐያሲው ከተናገረ ሳምንት ሳይሞላ የመብርሂት ልጅ ራሕዋ ደወለች። ራሕዋ ትልቅ ሴት ናት፤ ወሬ አታበዛም።

«አክስቴ፣ እንዴት ሰነበቱ? ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልንገርዎ ብዬ ነው። እማ ከቤት መውጣት ትታለች።»

«ምነው? አመማት?»

«እዚህ መጠለያው ውስጥ ሃፍቱ የሚባል ልጅ ሱቁ ላይ ድምፅ ማጉያ አለው። ያቺን ዘፈንዎን ቀኑን ሙሉ ይከፍታታል። እማ ሽንኩርት ልትገዛ ሄዳ ሰማችው። ሰዉ ደግሞ እህትዎ መሆኗን ያውቃል። በሳቅ በጨዋታ ‹ዘጊዋ መጣች› ይሏታል። ለክፋት አይደለም፤ ግን ስም ሆነባት። ውኃ እንኳ እኔ ነኝ የምቀዳው።»

ለተሃይማኖት በዘፈኑ ውስጥ የራሷን ሐዘን እንጂ ሌላ ሰው ያለበት አልመሰላትም ነበር።

በማግስቱ ልሂድ ብላ ተነሣች። ጣሃ ብቻዋን አልለቀቃትም፤ ዑዱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ተከተላት። ክረምቱ ከባድ ነው፤ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ዝናም ከጠጣ በኋላ መኪና እንደ ሙጫ ይይዛል። የተሳፈሩባት ቦክሲ የሚሏት ፒክአፕ ከዶካ አለፍ እንዳለች እስከ ጎማዋ ተዋጠች። አልፎ አልፎ የሚያልፍ ሰው ይገፋል፣ ሾፌሩ ይምላል፣ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም። በመጨረሻ ማሽላ ሊያርም የሚሄድ ትራክተር ተጎታቹ ላይ ጫናቸው። ለተሃይማኖት ነጠላዋን ራሷ ላይ አጣፍታ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ከአረም ሠራተኞች መሀል ተቀመጠች። አንዷ አወቀቻትና «የሰሊጡ ለትን በሉልን» አለቻት። «ዛሬስ ድምፅ የለኝም፣ እህቴ» አለች።

መብርሂት ከጎጆዋ በር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። እህቷን እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ስታያት አልደነገጠችም። ተነሥታ በጆግ ውኃ አመጣችና እግሯን አጠበቻት። ከዚያ ተመልሳ ምስሯን ያዘች። ጣሃ ነገሩን ዐውቆ ወደ ሃፍቱ ሱቅ ሄደ።

«ሰማሽው አሉ» አለች ለተሃይማኖት።

«ማን ያልሰማው አለ?»

«ስምሽን አልጠራሁም፣ መብርሂት።»

«ስንት እህት አለሽ?»

ለተሃይማኖትን እንደ ልጅነታቸው እልህ ያዛት።

«ዘግተሻል ወይስ አልዘጋሽም? ከግቢው ሳልወጣ መወርወሪያው ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይኸው እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።»

«ዘግቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ዋሸሁ?»

መብርሂት ሰፌዱን መሬት አስቀመጠችው። «የዚያ በር ማጠፊያ ትዝ ይልሻል?»

«የቱ?»

«የዛገው። ሲከፈት እንደ አህያ የሚጮኸው። አንቺ ከፍተሽው ስትወጪ ጮኸ። አባቴ አልጋው ላይ ተገላበጠ። ነፋስ ነበር፤ በሩን እንደ ከፈትሽው ትተሽው ሄድሽ። አንድ ጊዜ ቢላተም ኖሮ ተነሥቶ ከመንገድ ይመልስሽ ነበር። እኔ ከመኝታዬ ወረድኩ። እንዳይጮህ በትከሻዬ ሽቅብ ደግፌ ቀስ አድርጌ ዘጋሁት። ነፋሱ መልሶ እንዳይከፍተው መወርወሪያውን ወረወርኩ። አንቺ የሰማሽው እሱን ነው።»

ለተሃይማኖት ከሰፌዱ አጠገብ ቁጭ አለች።

«ሲነጋ አባቴ መወርወሪያውን አየ። አንቺ ከውጭ ልትወረውሪው አትችዪም፤ ስለዚህ የዘጋ ሰው አለ። ማን እንደሆነ ለመጠየቅ ብዙ አልደከመም። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ‹እንደ እህትሽ ልትኮበልዪ› አለኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ልንገርሽ? አባቴ ሲሞት እንደ ለቅሶ እንግዳ መጥተሽ እንደ እንግዳ ሄድሽ። እዚህም ስትመጪ ስኳሩን ታስቀምጫለሽ፣ ‹ደህና ናችሁ› ትያለሽ፣ መኪናው ይጠብቀኛል ትያለሽ። አንድ ቀን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? ከዚያ ደግሞ ሄደሽ ለዓለም ዘፈንሽው።» ድምፅዋ ያን ጊዜ ብቻ ተሰበረ። «ዘጊዋ ይሉኛል፣ ለተ። እኔን።»

ለተሃይማኖት ልትነካት እጇን ዘረጋች፤ ግን እጇን ወደ ሰፌዱ አዞረችና ምስሩን መልቀም ጀመረች። መብርሂት አየቻት። እሷም ከወዲያኛው ጫፍ ቀጠለች። ራሕዋ ከውኃ ስትመለስ ሁለቱን ሰፌዱ ላይ አቀርቅረው አገኘቻቸው።

መንገዱ ስለተቆረጠ ያን ዕለት መመለስ አልተቻለም። ለተሃይማኖት በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እህቷ ዘንድ አደረች። ብዙ አወሩ፤ ስለ በሩ ሳይሆን ስለ ግቢያቸው፣ ስለ ሎሚዋ ዛፍ፣ የሰሊጥ ነዶ ላይ ሲዘሉ እናታቸው ስለምታባርራቸው። የአንዳቸው ትዝታ ሲጎድል ሌላዋ ትሞላለች። ሁለቱም የማያስታውሱት ላይ ሲደርሱ ይሳሳቃሉ።

ጠዋት ዝናሙ አባርቶ ነበር። ለተሃይማኖት በጭቃው ላይ እየተጠነቀቀች ወደ ሃፍቱ ሱቅ ሄደች። ሃፍቱ አይቷት ደስ ብሎት ድምፅ ማጉያውን ሊከፍት ሲል እጁን ያዘችው።

«እሱን ተወውና እኔን ስማኝ፣ ልጄ። ጣሃ፣ ዑድህን አውጣ።»

ሰው ተሰበሰበ። ዱቄት የሚጠብቁት፣ ከሰል የሚሸጡት፣ ልጅ ያዘሉት፤ አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ ቀረጻ ጀመረ። «መዝጊያ»ን ከመጀመሪያው አነሣችው። ራሕዋ እናቷን ጎትታ አምጥታ ነበርና መብርሂት ከሰዉ ጀርባ ሻሿን ወደ ግንባሯ ስባ ቆማለች። ለተሃይማኖት ያቺ ስንኝ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ጣሃ ዑዱን ይዞ ጠበቃት። ከዚያ እንዲህ አለች፤

እህቴ ዘጋችው በሩን ቀስ አድርጋ፣
አባቴ ሳይነቃ፣ ሌቱ ሳይነጋጋ።

ሁለት ጊዜ ደገመችው። ሰዉ ወዲያው አልገባውም። ከዚያ አንዲት አሮጊት ወደ መብርሂት ዞረው «አንቺ ነሽ ያስመለጥሻት?» አሏት። መብርሂት ሻሿን ከግንባሯ ከፍ አደረገችው። ሃፍቱ ከሱቁ ወጥቶ ጫማዋን እያየ፣ «እማማ፣ በጨዋታ ነው፤ አይያዙብኝ» አላት። እሷም «ሽንኩርትህን ግን አታበላሽብኝ፣ ባለፈው ግማሹ የበሰበሰ ነው» ብላ መለሰችለት።

ቪዲዮው ከመጠለያው ወጥቶ ዞረ። መስከረም ከጠባ በኋላ ሐያሲው እንደገና ተናገረ፤ ጣሃና ለተሃይማኖት እንደ በፊቱ ከቅመሙ መሀል ሆነው አዳመጡት። አልተቆጣም፤ ያዘነ ይመስላል።

«ዘፋኟ ምርጧን ስንኝ በገዛ እጇ ሰበረቻት» አለ። «በመጀመሪያው ውስጥ የነበረው ብርድ ጠፋ። አሁን በሩን ማን እንደዘጋው፣ ለምን እንደዘጋው ዐወቅን፤ ስለዚህ ልንፈራው አንችልም። ይቅር መባባል ለሰው መልካም ነው። ለዘፈን ግን ሁልጊዜ አይበጅም።»

ጣሃ ስልኩን ጆንያው ላይ ወረወረው። «ምን ዐውቆ ነው? መብርሂትን ያውቃታል? ደውዬ ልክ ልኩን…»

«እውነቱን ነው፣ ጣሃ» አለች ለተሃይማኖት።

«ምን?»

«እንደ ዘፈን ከሆነ የፊተኛው ይሻላል። እኔም ስዘፍነው ዐውቄዋለሁ። እሱ የሚኖረው ከዘፈኑ ጋር ነው፤ ደግ አደረገ። እኔ የምኖረው ከመብርሂት ጋር ነው።»

እንዲያም ሆኖ የቆጫት ነገር አልቀረም። የተቀረጸው አልበም በየስልኩ ገብቷል፤ መልሶ መሰብሰብ አይቻልም። ሰርግ ላይ ስትዘፍነው እሷ «ቀስ አድርጋ» ስትል ሰዉ በአንድ ድምፅ «ከኋላዬ» ይላል። መጀመሪያ ትታገላቸው ነበር፤ ኋላ ተወችው። እሷ የራሷን ትላለች፣ እነሱ የራሳቸውን ይላሉ፣ ሁለቱ ቃል አየር ላይ ይጋጫል።

ከመስቀል በኋላ መብርሂት ለዓይኗ ሕክምና ታስሪህ፣ የመውጫ ፈቃዷን ማለት ነው፣ አግኝታ ገዳሪፍ መጣች። ከሐኪም ሲመለሱ ጣሃ ሱቅ ገቡ። ጣሃ ቀይ የከርከዴ ሻይ አስመጣላት፤ ከዚያ «አልበሙን ግን ሙሉውን ሰምተሽው ታውቂያለሽ?» አላት።

«አንዷን ብቻ ነው የሰማሁት። እሷ በቃችኝ።»

ከፈተላት። ለተሃይማኖት ከሐያሲው ፊት ያልፈራችውን ያን ጊዜ ፈራች። ተነሥታ የቅመም ጆንያ ታስተካክላለች፣ ትቀመጣለች፣ እንደገና ትነሣለች። መብርሂት ዓይኗ ላይ መድኃኒት ስለተጨመረበት ጨፍና፣ አገጯን በእጇ ደግፋ ታዳምጣለች።

«ይኼኛው ረዘመ» አለች ስለ አንደኛው። ስለ ባሏ ዘፈን፣ «ሰውዬው እንዲህ ደግ አልነበረም፤ አሳመርሽው» አለች። ስለ ጉልበቷ ዘፈን ሳቀች። «ድምፅሽ ሻክሯል። ግን እንደዚህ ሲሻክር እወደዋለሁ።»

ጣሃ «አጂብ! ይቺ ከሬዲዮው ትብሳለች» አለ።

የመጨረሻዋ ቁራጭ ቃል የላትም። ለተሃይማኖት አፏን ዘግታ ታንጎራጉራለች፣ ዑዱ ከሩቅ ይከተላታል፤ ሳትጀምር የምታልቅ ናት። ከተቺዎቹ አንድም ሰው አላነሣትም፤ ጣሃ ራሱ ቦታ መሙያ ትመስለው ነበር። መብርሂት አገጯን ከእጇ አነሣች።

«እማዬ ናት» አለች። «ስፌት ስትሰፋ።»

«አዎ» አለች ለተሃይማኖት።

«መጨረሻው ላይ ግን ወደ ታች አትወርድም፣ ወደ ላይ ነው የምትጥለው። ረስተሽዋል።»

«እስቲ በይው።»

መብርሂት አፈረች። ዘፍና አታውቅም። ግን ዓይኗን እንደጨፈነች በቀጭኑ አለችው፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ዜማው ወደ ላይ ወጣ። ለተሃይማኖት ቀስ ብላ ተከተለቻት፤ ጣሃም ዑዱን ከግድግዳው አውርዶ ክሩን ማቃናት ጀመረ።